ለሞተ ብቻ የሚሆን ትከሻ

እህቴን «ጠንካራ ናት» የሚላት ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ቃሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ድሬ ላይ ሰው ለማመስገን የሚሰስት የለም፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ ብታቀብል እንኳ «አቦ አንተ ጀግና ነህ!» ትባላለህ። እኔን የሚያበግነኝ፣ እሷን ያመሰገነ ሁሉ ምስጋናውን ጣል አድርጎ እጁን ኪሱ ከቶ መሄዱ ነው። እኛ ሰፈር «ጠንካራ ነሽ» ማለት «ብቻሽን ተወጪው» ማለት ከሆነ ከርሟል። ይህንን የተማርኩት አባታችን የወደቀ ጊዜ ነው።

አባታችን የባቡር ሰው ነበር፤ ቢሮ ከሚቀመጡት ሳይሆን ሐዲድ ከሚያነሱት። ትከሻው በር ይሞላል። ሰፈር ውስጥ የከበደ ነገር ካለ «እሱን ጥሩት!» ነው። የጎረቤት ቁምሳጥን፣ አሸዋ ውስጥ የተቀረቀረ ባጃጅ፣ ጎርፍ ጎትቶ ያመጣው ግንድ፣ ምኑ ቅጡ። ሊያነሳ ሲል «ሆ!» ይላል፣ አብረውት የያዙትም «ሆ!» ይላሉ፣ ዕቃውም ብድግ ይላል። ሐዲድ ሲያነሱ እንዲያ ነበር የሚባባሉት። ቀብር ላይም ያው ነው። ሙስሊም ይሙት ክርስቲያን፣ ከፊት የሚሸከመው እሱ ነበር። ትከሻውን አንዴ ከሰጠ ደግሞ «ልቀይርህ» ቢሉት አይሰማም፤ እስከ መቃብር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ቀኝ ጎኑ ከዳው። ስትሮክ ነው አሉን። አፉም አብሮ ተያዘ። ከዚያ ሁሉ ወሬውና ቀልዱ የተረፉለት ጥቂት ቃላት ነበሩ፤ ከጥቂቶቹ አንዷ «ሆ» ናት። እናታችን ቀድማ ስላረፈች ያ የሚያህል ሰው ለሁለታችን ሴት ልጆቹ፣ ለእኔና ለታላቅ እህቴ ቀረ።

ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ጠባብ፣ ደፉ ከፍ ያለ። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ረፋዱ ላይ ያ ቤት ምድጃ ይሆናል። ጤነኛው ሰው ቢያንስ ተነስቶ ይወጣል፤ አባቴ ግን ላቡን መጥረግና ዝንብ እሽ ማለት እንኳ አይችልም። ስለዚህ በየጠዋቱ ፀሐይዋ ሳትበረታ ከአልጋው አንስተን፣ ደፉን አሻግረን፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር የጠፍር አልጋ ላይ እናጋድመዋለን። ሲመሻሽ ደግሞ ወደ ቤት እንመልሰዋለን። ውጭ እንዳናሳድረው ትንኙ አለ፤ አንዴ የደንጊ ትኩሳት ይዞት ለጥቂት ነው የተረፈው። ነገሩ ይኸው ነው። የሚያነሳው ሰው ካለ አባቴ ንፋስ ያገኛል፣ ከሌለ ይቀቀላል።

የምታነሳው እህቴ ነበረች። እኔ ታይዋን ገበያ ውስጥ ልብስ እሸጣለሁ። ቀጫጫ ነኝ፣ የምይዘው በእግሩ በኩል ነው። እሷ ከኋላው ገብታ በብብቱ በኩል ታቅፈዋለች፣ ደረቷን ጀርባው ላይ ትለጥፋለች። እሱ በዚያ በተጣመመ አፉ «ሆ» ሲል እኛም «ሆ!» እንልና እናነሳዋለን። ጥላው ሥር ካጋደምነው በኋላ በደህናው እጁ ወገቧን ዳበስ ያደርግላታል። ያኔ የፋብሪካው ሰርቪስ ጥሩምባ ይነፋና እየሮጠች ትወጣለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስፌት ነው የምትሠራው። ቀን ቀን ጥላው በዞረ ቁጥር የጠፍር አልጋውን ከልጇ ጋር እየጎተተች የምታዞርልን ጎረቤታችን ናት። የቢዮ አዋሌ ተወላጅ ናት፣ ምላሷ ሚጥሚጣ፤ ከእናታችን ጋር አብራ ያሳደገችን ሙስሊም ሴት።

ወንድም የላችሁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አለን እንጂ! የሁላችንም ታላቅ ነው። ሳቢያን ሰፈር ቤት ሠርቶ ይኖራል። ቁመቱም ትከሻውም ቁርጥ አባቴ ነው። በየጠዋቱ ጂም ይሄዳል። ወላሂ አልዋሽም፣ እህቴ አባቷን በምታነሳበት ሰዓት እሱ ብረት ያነሳል። እሁድ እሁድ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ የአባቴን ግንባር ይስማል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ከዚያ የእህቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «አንቺ እኮ ወንድ ነሽ!» ይላታል።

ወንድ ነሽ! አንድ እሁድ አልቻልኩም፤ «እሷ ወንድ ከሆነች አንተ ምንድን ነህ?» አልኩት። «ምላስሽ አቦ!» ብሎ ስቆ ሄደ። ለእሱ ቀልድ ነበር። የተቆጣችኝ እህቴ ናት። «አትንኪው፣ ልቡ ስስ ነው፣ አባን እንዲህ ሆኖ ማየት አይችልም» አለችኝ። እሺ፣ የእሷስ ልብ ከምን የተሠራ ነው? ማየት የማይችለው ይታዘንለታል፣ ማየት የምትችለው ትሸከማለች። እንዲህ ያለ ፍርድ የት ነው የተሰማው?

ፋብሪካም ያው ነው። ጥቅል ጨርቅ ከመጋዘን የሚያወጣ ሰው ሲጠፋ አለቃዋ «እሷን ጥሯት፣ ጠንካራ ናት» ይላል። የወንዶቹን ሥራ ደርባ ሠርታ ስታበቃ ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። «ለምን እምቢ አትይውም?» ስላት «አንዴ ከለመዱሽ እንዴት ትያለሽ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው ድካምሽን ካላየ ያለሽ አይመስለውም።

ደግሞ የመድረኩን ልንገራችሁ። የሴቶች ቀን ሲከበር የሰፈራችን ሹሞች «አርአያ የሆኑ ጠንካራ ሴቶች» ብለው ከጠሯቸው አንዷ እህቴ ነበረች። አዳራሹ በባንዲራ ተሞልቷል፣ ሞንታርቦው ጆሮ ይበጥሳል። አንዱ ሹም ተነስቶ ሴት የቤት ምሰሶ ናት፣ ሴት የአገር ምሰሶ ናት እያለ ተናገረ፣ ተናገረ። እህቴ ከሥራ ተጠርታ መጥታ፣ የፋብሪካውን ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ መድረክ ወጣች። በላስቲክ የታሸገ ምስክር ወረቀት ሰጧት። ማይኩን ሲያቀብሏት ምን አለች? «አባቴን የምገፋበት ባለጎማ ወንበር ብታገኙልኝ» አለች። ተጨበጨበላት። ሹሙም «ይህንን በትኩረት እንይዘዋለን» አለ። እስከ ዛሬ በትኩረት እንደያዙት ናቸው!

ምስክር ወረቀቱን ግን እኛ ለቁም ነገር አዋልነው። ደህና ካርቶን ስለነበር ጎረቤታችን ለአባቴ ማራገቢያ አደረገችው። ሙቀቱ ሲብስ አጠገቡ ቁጭ ብላ «አቦ ይኼ ንፋስ ይለያል፣ የመንግሥት ንፋስ ነው!» እያለች ታራግብለታለች። አባቴ በግማሽ ፊቱ ይስቅ ነበር።

ከዚያ የእህቴ ወገብ ሄደ። አንድ ጠዋት እንደ ወትሮው «ሆ» ብለን ብድግ ስናደርገው አንድ ድምፅ አወጣች። ጩኸት አልነበረም፣ ትንፋሿ ቁርጥ ነው ያለው። አባቴን ግን አልጣለችውም። ልብ በሉ፣ አልጣለችውም! ቀስ አድርጋ መልሳ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፤ ከዚያ ራሷ መሬቱ ላይ ተጋደመች። መነሳት አልቻለችም። ሰርቪሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሄደ። አባቴ ከአልጋው ላይ በደህናው እጁ ሊደርስባት ይዘረጋል፣ አይደርስም።

ሐኪሙ ዲስኳ ተንሸራቷል አለ። ዕቃ ማንሳት ክልክል፣ መተኛት ግዴታ። «ከዚህ በኋላ ከባድ ነገር ብታነሺ ሽባ ሆነሽ ልትቀሪ ትችያለሽ» አላት። ይህን ብሎ ቢያበቃ ምን ነበረበት? «እስካሁን መቻልሽ ራሱ ይገርማል፣ ጠንካራ ነሽ» ብሎ ጨመረበት። በስመአብ! ሐኪሙም!

አሁን አባቴ በአንዱ ጥግ፣ እህቴ በሌላው ጥግ ተጋደሙ። እኔ ብቻዬን ሞከርኩ። እግሩን ሳነሳ ትከሻው ይቀራል፣ ትከሻውን ስይዝ አልጋው አብሮኝ ይጎተታል። ፎጣ አርጥቤ ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ፤ ሳልዞር ይደርቃል። ጀርባው ቀላ፣ ከዚያ ቆዳው መላጥ ጀመረ። ሱቄን ትቼ ቁጭ ብዬ ሳራግብለት እህቴ ከተኛችበት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች አንድ ነገር ነገረችኝ። «ታውቂያለሽ፣» አለችኝ፣ «ይሄን ሁሉ ጊዜ ጠንካራ ነሽ ያለኝ ሰው ብዛቱ። ከበደሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም።» ብሶት አልነበረባትም፤ እንደ ተራ ወሬ ነው የተናገረችው። እኔ ነኝ ፊቴን አዙሬ ያለቀስኩት።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። መጣ፣ አይካድም። አባቴን ብቻውን እቅፍ አድርጎ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ጥላው ሥር አጋደመው። እንዴት ቀላል ነበር ለእሱ! እኔ ከደስታዬ ብዛት መረቅኩት። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ «እስቲ አንሺን» አለኝና ከአባቴ ጎን ተንበረከከ። ፌስቡክ ላይ «አባቴ ኩራቴ፣ ዛሬ ተራው የኔ ነው» ብሎ ለጠፈው። ሥሩ የተኮለኮለው የልብ ሥዕል፣ የጡንቻ ሥዕል፣ «ብርቱ ልጅ»፣ «እንዳንተ ያለውን ያብዛልን»። በማግስቱ ብጠብቀው ቀረ። ከዚያ ወዲያም ቀረ። ስደውልለት «ሥራ ይዞኛል፣ ሰው ቅጠሩ እንጂ» አለኝ። ያኔ ከአፌ አመለጠኝ። «ብረት ከማንሳት አባትህን አንሳ!» ብዬ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

የቀረኝ እድሩ ነበር። አባቴ ከመሥራቾቹ አንዱ ነው። የእድራችን ወንዶች ሬሳ በመሸከም አይታሙም፣ ይህንን ልክድ አልችልም። ሰው ሞተ ሲባል የባጃጁን ቁልፍ ጥሎ የሚመጣ አለ፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ አለ። እንግዲህ የሞተ መሸከም የሚችል ትከሻ በሕይወት ያለውን መሸከም አያቅተውም ብዬ አሰብኩ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ጠዋት ቢያወጡልኝ፣ ሲመሽ ቢያስገቡልኝ፣ ሌላ አልፈለግኩም። ሁሉም እዚያው ሰፈር ነው የሚኖሩት፤ ግማሾቹ ጫታቸውን የሚቅሙት ከግቢያችን አጥር ማዶ ነው።

ስብሰባው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነበር። የእድሩ ዳኛ የአባቴ የሥራ ባልደረባ ነው፣ እንደ አጎቴ የማየው ሰው። ስብሰባ በተረት መክፈት ይወዳል። ያን ዕለትም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ከፈተ። ልቤ ሞቀ። ለኔ የተናገረ መሰለኝ። ተራዬ ሲደርስ ተነስቼ ያለውን ሁሉ፣ የእህቴን ወገብ፣ የቤቱን ሙቀት፣ የአባቴን ጀርባ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከዚያ የምፈልገውን ጠየቅኩ።

ዳኛው ጉሮሮውን ጠራረገና «ልጄ፣ እድራችን የተቋቋመው ለሞተ ነው። ለታመመ ደንብ የለንም» አለኝ።

«ደንብ አልጠየቅኩህም ጋሼ፣ ትከሻ ነው የጠየቅኩህ» አልኩት። ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነው፤ ዳኛውም ቢሆን አንተ ነው።

ይሄኔ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሳ። እሱም የባቡር ሰው ነው። «እምቢ ማለታችን አይደለም የኔ ልጅ» አለ። «አንቺ ግን አባትሽ ማን እንደነበረ አታውቂም። ያ ሰው አንድ ቀን ለሰው ሸክም ሆኖ አያውቅም። ዛሬ እኛ ገብተን እንደ ሕፃን ታቅፈን ብናወጣው፣ ሱሪው ሲወርድ ብናይበት፣ ውርደት አይሆንበትም? ጉልበቱን እንዳወቅነው ብንተውለት ነው ክብሩ።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። መውጫ አገኙ፣ ፊታቸው ፈታ አለ። የአንዳንዶቹ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር።

የባሰው እንባቸው የእውነት መሆኑ ነው። ክፉዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበሽው ትገላገያለሽ። እነዚህ ግን አባቴን ከማክበራቸው የተነሳ ሊጠይቁት መምጣት ያቆሙ ሰዎች ናቸው! በግቢያችን በር ሲያልፉ ለምን ፊታቸውን እንደሚያዞሩ ያኔ ገባኝ። ንቀት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አክብሮት ነው። ወንድ ልጅ ጉልበቱ ሲያልቅ አይታይም፣ ይሸፈናል። እህቴ ተሰብራ ብትታይ ግን ማንንም አያሳፍርም። ክብሩን እንጠብቅለት ብለው በቁሙ ሊቀቅሉት!

«እሱን ጠይቃችሁታል?» አልኳቸው። «አፉ ነው የተያዘው፣ ጆሮው ይሰማል። ኑና ውርደት ይሆንብሃል ወይ በሉት።» ከመቀመጫው የተነቃነቀ የለም። ዳኛው ነገሩን ሊዘጋ «እህትሽን እግዚአብሔር ይማራት። ጠንካራ ልጅ ናት፣ ቶሎ ትነሳለች» አለ።

«ተነስታ መልሳ እንድትሸከም፣ አይደል?» አልኩት። «እንግዲያው ሃምሳውን ሎሚ እሷ ትያዘው፣ እናንተ ጌጡን ውሰዱ!» ብዬ ወጣሁ። ከኋላዬ «ተበሳጭታ ነው፣ ተዋት» ሲሉ ይሰማኛል። አዎ ተበሳጭቼ ነው! ታዲያ ልዘፍንላችሁ ኖሯል?

ቤት ስደርስ ጎረቤታችን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ በዚያው ምስክር ወረቀት አባቴን ታራግባለች። የሆነውን ነገርኳት። አዳምጣ አዳምጣ «ያ ረቢ! ወንዶቹን ምን አስጠየቀሽ?» አለችኝ። «አቦ ተያቸው!» ድሪያዋን ሰብስባ ወገቧ ላይ ቋጠረችና ወጣች። ስትመለስ ሴቶች አስከትላለች፦ ልጇን፣ ከማዶ ጫት የምትሸጠዋን ሶማሌ፣ ማዕዘኑ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰዋን። ሳምቡሳ ጠባሿ እጇ ገና ሊጥ ነበር።

ብርድ ልብስ አስነጠፈችን። አባቴን አገላብጠን መሀሉ ላይ አደረግነውና ጠርዝ ጠርዙን ጠቅልለን ያዝን። እህቴ ከተኛችበት ሆና «በወገባችሁ አይደለም፣ ቁጢጥ በሉና በእግራችሁ ተነሱ! በኔ የደረሰው ይብቃ!» እያለች ትጮኻለች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኗል። አፍሮ ነበር። ሽማግሌው የፈራው ነገር ፊቱ ላይ ነበር፣ አልክድም፤ እኔም ደነገጥኩ።

ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ ጆሮው ሥር «ዓይንህን ግለጥ አቦ፣ ሙሽራ እኮ ነህ!» አለችው። «ይሄ ሁሉ ሴት የሚሸከመው ወንድ ድሬ ውስጥ ማን አለ? ቀንተው ነው እነሱ!» ከዚያ በኦሮምኛዋ «ካኢ! ካኢ!» አለችው፣ ተነስ እንደማለት። አባቴ መጀመሪያ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ቀጥሎ ግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። «ሆ!» አለ።

«ሆ!» አልን ሁላችንም፣ ብድግ አለ። በሩ ላይ ተጣበቅን። ሳምቡሳ ጠባሿ ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፤ ሶማሌዋ በሳቅ ፍርስ ብላ «ወላሂ ልለቀው ነው!» ትላለች፣ ጎረቤታችን ትሰድባታለች። ግን አወጣነው። ኒሙ ሥር ስናሳርፈው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ደህናው እጁን ዘርግቶ የያንዳንዳችንን እጅ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ በኋላ ፊቱ ላይ ውርደት የሚባለውን ነገር ፈልጌ አጣሁት። ያየሁት ንፋስ ያገኘ ሰው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያ ሆነ። ጠዋት ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ሲያልፉ ያወጡታል፣ ማታ ሲመለሱ ያስገቡታል። አንዷ ብትቀር ሌላ ትተካለች። የጀርባው ቁስል ደረቀ። ሰፈሩ ይህንን አይቶ ምን ያለ ይመስላችኋል? «የዚያ ቤት ሴቶች ጠንካሮች ናቸው» አለ! ከአጥሩ ማዶ ጫት ከሚቅሙት አንዱ እንዲያውም አውራ ጣቱን አሳየኝ። አንተ ሰው፣ በአውራ ጣትህ ምን ላድርግበት? ሌሎቹን አራት ጣቶችህን ጨምረህ ና!

አባታችን የሞተው እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ጎረቤታችን ጥላው ዞሯል ብላ አልጋውን ልትጎትት መጥታ፣ ተኝቶ አገኘችው። እህቴ ያኔ ወገቧን በቀበቶ አስራ ግድግዳ እየተደገፈች መራመድ ጀምራለች። እንደምንም ወጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠች፤ ደህና የነበረውን እጁን ያዘች።

ያኔ መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ኡኡታችን ሳያልቅ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ፣ ግቢው ወንድ በወንድ ሆነ። አንዲት የጠፍር አልጋ ወደ ጥላው የሚገፋ ወንድ በጠፋበት ግቢ፣ አንድ አግዳሚ ለአራት ሲሸከሙ አየሁ። ያ ጠባብ በር ያን ዕለት ለሁሉም በቃ። ወንድሜ «ጋሻዬ! መከታዬ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ደገፈው። ወገቧ የተሰበረውን እህቴን የደገፋት የለም። እየመጡ ከፊቷ ይቆማሉ፣ «ጠንክሪ እንግዲህ፣ የቤቱ ምሰሶ አንቺ ነሽ» ይሏታል፣ ይሄዳሉ። እሷ እሺ፣ እሺ ትላለች። እኔ በአባቴ ለቅሶ ላይ ጸብ አላነሳም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ቀብሩ በማግስቱ ከሰዓት ነው። ሳጥኑ ሲወጣ ሽሚያ ሆነ። «ለኔ ስጠኝ!»፣ «እኔ ልያዝ፣ ወዳጄ ነበር!»፣ «ዞር በል እስቲ፣ አብሮ አደጌ ነው!» ዳኛው ከፊት ገባ፣ ወንድሜ ከጎኑ። ስለ ውርደት የተናገረው ሽማግሌ እንኳ በዚያ ዕድሜው ከኋላ ተሸከመ። እኔና እህቴ ከሳጥኑ ኋላ ሆነን፣ ጎረቤታችን መሀላችን ገብታ ሁለታችንንም በክንዷ ይዛ እንከተላለን። ሳምቡሳ ጠባሿና ሶማሌዋም ከኛ ጋር ናቸው። አስፋልቱ ይግላል፣ ሙቀቱ ከታች በጫማችን በኩል ይመጣል። እህቴ በየጥቂት እርምጃው ትቆምና ወገቧን ይዛ ትተነፍሳለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ገና ሳይታይ ከፊት ያሉት ቆም አሉ። ዳኛው በነፃ እጁ መሐረብ አውጥቶ ግንባሩን ጠረገ። «ወይ ክብደቱ!» አለ። «ልቀየር እስቲ።»

ወንድሜም ወደ ኋላ ዞር ብሎ «እኔንም ቀይሩኝ፣ ትከሻዬ አለቀ» አለ።

እህቴ የጎረቤታችንን ክንድ ለቀቀች። ይቺ ልጅ በዕድሜዋ ሰው ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ወገቧን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ በሳጥኑ ጎን አልፋ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች።

«ከበዳችሁ?» አለቻቸው።

«ስድስት ሆናችሁ?»

ዳኛው መሐረቡን ኪሱ መለሰ። ወንድሜ አቀረቀረ። ሊቀይሯቸው ቀርበው የነበሩት ወደ ኋላ አፈገፈጉ። እህቴ ፊቷን በነጠላዋ መልሳ ሸፈነችና መንገዱን ለቀቀችላቸው። ከዚያ እስከ መቃብሩ ድረስ ልቀየር ያለ ሰው አልነበረም።